አርባ አንድ ልብ

በስፕሊት ወደብ ላይ፥ የነፋሱ ስም ቡራ ነው፤
ስሙን ሰምቶ ይሆን፥ ቡራ ከረዩ የሚለው?
ጀልባዎቹን ሁሉ፥ ከገመድ ጋር ሲያታግል፥
መስኮቴን ሲደበድብ፥ «ክፈቺልኝ» እንደሚል፥
እኔ ከማመልከቻ ክምር ጋር፥ ብቻዬን ቀረሁ፤
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፥ አንድ በአንድ ቆጠርሁ።

ማስታወቂያችን አጭር ነበር፦
«አራት ጀልባ ያለው፥ አነስተኛ ድርጅት
በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቀው ሰው ይፈልጋል፥ በፍጥነት።»
በቃ፥ ይኸው ነበር።

«ፈጣሪ ነኝ» ይላል አንዱ፥ ሦስቴ በአንድ ገጽ ላይ፤
ፈጣሪስ ስድስት ቀን ሠርቶ፥ ሳይፈርም ዐርፎ የለም ወይ?
ሁለተኛው ትጉህ ነው፥ ሦስተኛዋም ትጉህ ናት፥
አራተኛውም ትጉህ። ቃሉን ማን አደላቸው በአንድ ሌት?
አንዱ ፊቱን አሳትሞ፥ በኩባያ ልኮልኛል፤
(ሻይ ጠጥቼበታለሁ። ሲታጠብ ይለቃል።)
አንዷ ስትጨፍር ተቀርጻ፥ በቀይ ካናቴራ፥
ባሕሩን ከኋላ አድርጋ፥ ከፊቷ መብራት ሲበራ፥
«ሠላሳ ሺህ ተከታይ አለኝ» ብላ ጻፈች፤
ወዴት እንደምትመራቸው ግን፥ ሳትነግረን ተወች።

አልስቅባቸውም። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ
«ትጉህ ነኝ» ብዬ ጽፌያለሁ፥ በማድ ቤት፥ ከእናቴ
ጠረጴዛ ላይ፥ ሽንኩርቱን ገፋ አድርጌ።
ሥራ የሚፈልግ ሰው፥ ጨለማ ውስጥ ያለ፥
እጁ ያገኘውን ቃል፥ ቢጨብጥ ምን አለ?

ከዚያ የቪሽኛ መጣ።
ፎቶ የለው፥ ቀለም የለው፤ አንድ ገጽ ብቻ።

«ተከታዮቼ ስልሳ ሦስት ናቸው፤
አሥራ አንዱ የአክስት ልጆች፥ ቀሪዎቹን አላውቃቸው።
መጨፈር አልችልም።
ገጻችሁን ግን አነበብሁ፥ እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ፤
ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።
ባለፈው ኅዳር፥ ጀንበር ስትጠልቅ የተነሣ ፎቶ አለ፤
ከሥሩ አርባ አንድ ልብ፥ ቀይ በቀይ የተንጠለጠለ።
በልቦቹ መሐል፥ አንዲት ሴት ትጠይቃለች፦
‹የምሽቱ ጀልባ፥ ባሌን ይወስደው ይሆን?
ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፤ ደረጃ መውጣት አይችልም።›
አርባ አንድ ልብ አለ፤ አንድ መልስ ግን የለም።

ወደብ ወረድሁና፥ መርከበኛችሁን ፍራኔን ጠየቅሁት።
‹ከኋላ በኩል› አለኝ፥ ‹መኪና የሚገባበት
መወጣጫ አለልሽ፤ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይምጡ፤
ስሜን ይጥሩ፥ እገፋለሁ፤ በደረጃው አይውጡ።›
ይህንኑ ጻፍሁላት፥ አሥራ አንድ ወር ዘግይቼ።
በማግስቱ መለሰች፦
‹ተባረኪ። በየካቲት ዐረፈ።
ደሴቱን ሳያይ። ፍራኔን ግን ሰላም በይልኝ።›

ሌሎች ሠላሳ ሰባት፥ ያልተመለሱ አሉ፤
ዝርዝሩን አያይዣለሁ፥ ከነቀናቸው ሁሉ።
እኔን ቀጠራችሁም አልቀጠራችሁም፥ ሰዎቹ ይጠብቃሉ።»

ለአለቃዬ ለዝላትኮ፥ ጠዋት አነበብሁለት፤
ልቡ ከጨፋሪዋ ጋር ነበር፥ አውቄበታለሁ ከፊት።
«ስንት ተከታይ አላት?»
«ስልሳ ሦስት።» ሣቀ።
የሴትዮዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ፥ ሣቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።
ለካ መወጣጫውን፥ በእጁ ነው የበየደው፥
አባቱን ስኳር በሽታ፥ አንድ እግሩን ባሳጣው።
ወደ ባሕሩ ዞሮ፥ «ሰኞ ትምጣ» አለኝ፤
ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ፥ ለእኔም ባማረልኝ።

ግን ዛሬ ማታ፥ ቡራው ረገብ ሲል፥ ቢሮው ባዶ ሲሆን፥
ዝርዝሯን ዘረጋሁ።
ያንን የኅዳር ፎቶ፥ ያነሣሁት እኔ ነኝ።
ጥያቄውንም አይቻለሁ፥ ያኔውኑ፥ በዚያው ምሽት፤
«የእኔ ሥራ ትኬት ነው» ብዬ ነው ያለፍሁት፤
አርባ አንደኛውን ልብ፥ እኔ ነኝ የሰጠሁት።

ወንበሬን ሳብሁ።
ቁጥር አንድ፦ «ውሻ ይሳፈራል ወይ?»
ይሳፈራል፥ ብዬ ጻፍሁ። ማሰሪያውን አይርሱ።
ቁጥር ሁለት።